የመጀመሪያው ውሃ ለአፈር ነው፦ የእማማ ካውያ የሕይወት ታሪክ

የክርስትና ስማቸው ከነአባታቸው ስም በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ አለ። በዚህ ቁምስና ግን ከቆሞሱ እስከ ሕፃናቱ ሁሉም «እማማ ካውያ» ሲላቸው ኖሯልና እኛም እንደዚያው እንላለን። እማማ ካውያ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ በስተግራ ሦስተኛው ቤት ውስጥ፣ ከሰባ ስምንት ዓመት በፊት በአንድ እሑድ ጠዋት ተወለዱ። የሰፈሩን ሴት ሁሉ ያዋለዱት ሴት አያታችን የራሳቸው ምጥ ሲመጣ የሚያዋልዳቸው አጡና እትብቱን የቆረጡት ወንድ አያታችን ነበሩ። «የሱሪ ጠርዝ በምቆርጥበት መቀስ ነው የቆረጥኩት፤ ጨርቅ ብትወድ ምን ይገርማል?» ይሉ ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ይህን የምጽፈው የመጨረሻ ልጃቸው ነኝ፤ ሥራዬ ማስተማር ስለሆነ ስህተት ሲነበብ ዝም ብዬ መስማት አልችልበትም። እናቴ ባረፉበት ዕለት ከሰዓት በኋላ የቁምስናው ጽሕፈት ቤት አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ አዘጋጅቶ ላከልን። ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ አጻጻፉም ያምራል። መካከሉ ላይ ግን «በዕድሜ ምክንያት በገዛ ፈቃዳቸው አገልግሎታቸውን አቁመው» ይላል። ውሸት ነው። እናቴ በሕይወት ሳሉ ሆድ ይፍጀው ብለው ቻሉት፤ በሬሳቸው ፊት ሲነበብ ግን እኔ አልችለውም። ስለዚህ ወረቀቱን መልሼ ይህን ጻፍኩ። የሚከፋው ካለ ይክፋው።

እማማ ካውያ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሲስተሮች ያስተምሩበት በነበረው የቁምስናው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ደህና ነበሩ፣ በዝማሬ ግን ድምፃቸው እንደማይሆን ራሳቸውም ያውቁ ነበር። ከመዘምራን የተመለሱ ቀን አንዲት አሮጊት ሲስተር እጃቸውን ይዘው ወደ ዕቃ ቤት ወሰዷቸውና የመሠዊያ ጨርቅ ማጠብ አስተማሯቸው። «ልጄ፣ ይሄን እንደ ሰው ልብስ እንዳታጥቢው» አሏቸው። ቅዱስ ቁርባኑ ያረፈበትና ጽዋው የተጠረገበት ጨርቅ ፍርፋሪ ወይም ጠብታ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይለቀለቃል። ያ የመጀመሪያው ውሃ ከቆሻሻ ጋር አይደፋም፤ ሰው ወደማይረግጠው አፈር ይፈስሳል። ሳሙና የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ሲባል በዕቃ ቤቱ ጥግ ቧንቧዋ በቀጥታ መሬት ውስጥ የምትገባ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ገንዳ ተሠርታ ነበር። እናቴ ይህን የሰሙት በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ አልረሱትም።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው በዚሁ መሠዊያ ፊት ከአናጢው አባታችን ጋር ምሥጢረ ተክሊል ፈጸሙ። አሁን የተቀመጣችሁባቸውን አሥራ አራት አግዳሚ ወንበሮች የሠሩት አባታችን ናቸው፤ ጉልበታችሁን የሚቆረቁራችሁ መንበርከኪያም የእሳቸው ነው፤ «ጸሎት ላይ እንዳያንቀላፉ ነው» ይሉ ነበር። ቀልደኛ ሰው ነበሩ። «ሚስቴ የጌታን ጨርቅ ታጥባለች፣ የኔ ሸሚዝ ግን ወረፋ ይጠብቃል» ሲሉ እናታችን «የአንተ ሸሚዝ ትንሣኤ ያስፈልገዋል» ብለው ይመልሱላቸው ነበር። ሦስት ልጆች ወለዱ።

እናታችን ለእንጀራቸው ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ሲጀምሩ አጣቢ ነበሩ፣ ጡረታ ሲወጡ የክፍሉ ኃላፊ። የጓዳ በር የሚያክሉ ማሽኖችን ያዝዙ ነበር። ይህን የምናገረው «ላውንደሪን የተቃወሙት ማሽን ፈርተው ነው» ተብሎ ስለተወራባቸው ነው። ማሽን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህ ቁምስና ምክር ቤት ውስጥ አልነበረም፣ ዛሬም የለም።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሳምንታቸው አንድ ዓይነት ነበር። ሰኞ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ጨርቆቹን በገንዳዋ ይለቀልቃሉ፣ ከዚያ ያጥባሉ። ሰኞን ነፃ ለማግኘት ሲሉ ሆስፒታል እሑድ ከሰዓት ይገቡ ነበር። ማክሰኞ ጨርቁን ቀጥ የሚያደርገው ስታርች ነው፣ ረቡዕ ካውያ። ቅዱስ ቁርባኑ የሚያርፍበትን ጨርቅ በቁመት ለሦስት፣ በጎንም ለሦስት ከፍለው ወደ ውስጥ ያጥፉታል፤ ሲዘረጋ ዘጠኝ እኩል አራት ማዕዘን ይወጣዋል፤ ፍርፋሪ ቢኖር ውስጡ ይቀራል እንጂ አይወድቅም። ዓርብ መብራትና ሻማ ያያሉ። ቅዳሜ ለሳምንቱ በታዘዘው ቀለም፣ አረንጓዴም ይሁን ሐምራዊ፣ የካህኑን አልባሳት ዘርግተው ትከሻው ላይ የቀረ ክር ካለ በጥርሳቸው ይቆርጣሉ። ቆሞስ በቆሞስ ሲተካ አራቱን አልብሰዋል። እሑድ ሦስቱም ቅዳሴ እስኪያልቅ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸው ከጨርቁ አይነቀልም ነበር። «ስብከቱ እንዴት ነበር?» ስንላቸው «ስታርቹ ትንሽ በዝቷል» ይሉን ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ከሦስት ዓመት በፊት ዕቃ ቤቱ ሲታደስ የቁምስናው ምክር ቤት ሰብሳቢ ሥራውን ራሳቸው መሩት። በሙያቸው የውሃና ፍሳሽ መሐንዲስ ናቸው፤ ቅን ሰው መሆናቸውን አልክድም። የገንዳዋን ቧንቧ ሲያስቆፍሩ የትም ሳይገናኝ አፈር ውስጥ ማለቁን አዩ። ደነገጡ። ፎቶግራፍ አንስተው በስብሰባ ላይ አሳዩ፦ «ስንት ዘመን ሙሉ ይሄ ቧንቧ ሳይገናኝ ተረስቶ ኖሯል!» አሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ከመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ጋር አገናኙት። ምክር ቤቱ አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሥርዓቱን የሚያውቅ አንድ እንኳ አልነበረም፤ ወይም ያወቀው ዝም አለ። ቆሞሱም ነበሩ።

እናቴ ሰኞ መጥተው የውሃውን ድምፅ ሲሰሙ ገባቸው። ሰብሳቢው የመጀመሪያ ቁርባናቸውን ሲቀበሉ ሸሚዛቸውን የተኮሱላቸው እሳቸው ናቸውና «አንተ ልጅ፣ ያ ቧንቧ ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው» አሏቸው። ሰብሳቢው ሳቅ ብለው «እማማ፣ ውሃ ውሃ ነው» አሉ። እናቴ አልተጣሉም። ውሃውን በሳፋ እየያዙ ከግድግዳው ሥር ባለው የጽጌረዳ መደብ ማፍሰስ ጀመሩ። በአምስተኛው ወር መደቡ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ በሲሚንቶ ተለበጠ። ከዚያ በኋላ በሰባ አምስት ዓመታቸው ያን ውሃ ክዳን ባለው ባልዲ ይዘው፣ የጀርባውን መንገድ በእግራቸው ወርደው ቤታቸው ሎሚ ዛፍ ሥር ያፈስሱ ነበር። በየስብሰባው «የገንዳዋ ነገር» ብለው ይጠይቃሉ፤ ምክር ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ለቆሞሱ ሲነግሩ «እናያለን እማማ» ይሏቸዋል። ሲያዩ አላየናቸውም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ሲነበብ ወደፊት እንዲወጡ እንደሚጠሩ ተነገራቸው። እናቴ የገንዳዋ ነገር መልስ ያገኘ መሰላቸው። ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። የተሰጣቸው ግን በመስታወት የተገጠመ የምስጋና ወረቀት ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ እማማ ያርፋሉ፣ ጨርቁን ላውንደሪ ያጥባል ተባለ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ክብር መስሎኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ እጄ ያሳፍረኛል። በር ላይ ሰብሳቢው «የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለጽሕፈት ቤቱ ያስረክቡ እማማ» ሲሏቸው ነው የገባኝ። እናቴ አርባ አንድ ዓመት የያዙትን ቁልፍ ከአንገታቸው አወለቁና ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ወጡ። እጃቸው አመድ አፋሽ ሆነ። «በገዛ ፈቃዳቸው» ማለት ይህ ከሆነ ቋንቋ ማስተማሬን ዛሬውኑ ልተው።

በማግሥቱ የሆቴል አንሶላ ወደሚያጥበው ላውንደሪ ሄደው ሥርዓቱን ለማስረዳት ሞከሩ። ባለቤቱ በትሕትና ሰሟቸውና «እማማ፣ ማሽኑ የመጀመሪያ ውሃ ሁለተኛ ውሃ አይልም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚጥለው» አሏቸው። እሳቸው ላይ አልፈርድም፤ አልተነገራቸውም። ከዚያ ወዲያ እናቴ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጨርቁ እንደ ሆቴል ፎጣ ተጠቅልሎ ሲወጣ ያያሉ። «እናቴ፣ ይተዉት፤ ጌታ ያውቃል» ስላቸው «እሱማ ያውቃል፣ እኛ ነን እንጂ የማናውቀው» አሉኝ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልባቸው ደከመ፣ እግራቸው አበጠ። እሳቸው ሃያ ስድስት ዓመት አንሶላውን ባጠቡበት ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ተኙ፤ ታመውም የአልጋውን ጨርቅ አስነጥፈው እንደገና ያስነጥፉ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ቆሞሱ ምሥጢረ ቀንዲል ሊሰጧቸው መጡ። እናቴ ተናዘዙ፣ ተቀቡ፣ ቆረቡ። ከዚያ ድምፃቸው እየተቆራረጠ «አባ፣ የመጀመሪያው ውሃ አሁን የት ነው የሚሄደው?» ብለው ጠየቁ። ቆሞሱ አንገታቸውን ደፉ። የአንድ ሰው የመጨረሻ ጥያቄ ይህ ነበር።

እማማ ካውያ ከትናንት በስቲያ ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የቅዳሴው ደወል ካበቃ በኋላ፣ በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ቀድመዋቸዋል። ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆችና ሁልጊዜ የሚጨቃጨቋቸው አንዲት ታናሽ እህት ትተዋል፤ አክስታችን ከሐሙስ ጀምሮ የሚጨቃጨቁት ሰው አጥተዋል።

ትናንት ጠዋት ማንም ሳይጠራቸው ቆሞሱ ቤታችን መጡ። የያዙት የአበባ ጉንጉን አልነበረም፤ ያለፈው እሑድ ጨርቆች ያሉበት ቅርጫት ነበር። ላውንደሪ አልላኩትም። «እናትሽ ሲያጥቡ እያየሽ ነው ያደግሽው፤ አሳዪኝ» አሉ። በእናቴ ሳፋ አብረን ለቀለቅን። እጃቸው አልለመደም፤ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው አራሱት። ሲጨርሱ ይቅርታ ጠየቁኝ። ይቅርታው የሚገባው ለእኔ እንዳልሆነ ነገርኳቸው፤ «አውቃለሁ» አሉ።

ያ ውሃ አሁን ከሬሳ ሣጥኑ እግርጌ ባለው ባለ ክዳን ባልዲ ውስጥ ነው። ምክር ቤቱ የእናታችንን መቃብር በእብነ በረድ ላስለብጥ ብሏል። እናመሰግናለን፤ አይሆንም። ግቢው ሲሚንቶ ነው፣ መቃብሩ ሁሉ ሴራሚክ ነው፤ ዛሬ በዚህ ቅጥር ውስጥ ሰው የማይረግጠው ክፍት አፈር ያለው እሳቸው በሚያርፉበት ብቻ ነው። ገንዳዋ እስክትስተካከል ድረስ ጨርቁን የሚያጥበው ማንም ይሁን ማን፣ ሰኞ ሰኞ የመጀመሪያውን ውሃ ይዞ ወደዚያ ይምጣ። ዛሬ ግን ባልዲውን እስከ መቃብሩ የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል። ቤተሰቡ ተማክሮ የምክር ቤቱን ሰብሳቢ መርጧል። ከባድ አይደለም፤ እናታችን በሰባ አምስት ዓመታቸው ተሸክመውታል።

አንዲት ፍርፋሪ መሬት ወድቃ እንዳትረገጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጠነቀቁትን እናታችንን፣ ጌታ እሳቸውንም ሳይጥል ይሰብስባቸው፤ አጥፎም ከጻድቃኑ ጋር ያኑራቸው። አሜን።