ቦቴዎ ስለሚሰብረው ቧንቧችን

ለተከበሩ የውኃ መስመር ዝርጋታና ጥገና ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ፊትዎን ለማየት ባልታደልም፣ ደጅዎ ካለው ወንበር ላይ ሆኜ ሳቅዎን ደጋግሜ ሰምቻለሁና ጉሮሮዎ ደህና መሆኑን አውቃለሁ፤ የቀረው አካልዎም እንደዚያው ይሁንልዎ። እኔ ደህና ነኝ። ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበውም ምስጋና እንጂ አቤቱታ አይደለም፤ ለአቤቱታ የሚሆን ንዴት ነበረኝ፣ አልቆብኛል።

1ኛ. ከዋናው መስመር እስከ ቤታችን አዲስ ቧንቧ ስላስዘረጉልን አመሰግናለሁ። ቧንቧው በደንብዎ መሠረት ክንድ ተኩል ያህል ጠልቆ መቀበር ሲገባው፣ ቆፋሪዎቹን በራችን ፊት ድንጋይ ስላጋጠማቸው ፎርማናቸው ስንዝር ይበቃዋል ብሎ አፈር አስመለሰበት። ጥልቀቱን የሚለካው ባለሙያ የመጣው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነበርና፣ ቆሞ አየት አደረገና ትክክል ነው ብሎ ፈረመ። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሠራተኛ ስላለዎት እንኳን ደስ አለዎ።

2ኛ. ቧንቧው በሳምንቱ ሲፈነዳ ውኃ እንዳይጠማን ወዲያውኑ ቦቴ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ይሁንና ቦቴው በራችን የሚደርሰው ቧንቧው በተቀበረበት ላይ እየሄደ ነው። የጥገና ሠራተኞችዎ ሰኞ ይጠግናሉ፤ መስመሩ መጠገኑ ለቦቴ ክፍል የሚነገረው በወር መጨረሻ ስለሆነ ማክሰኞ ቦቴው ጢም ብሎ ሞልቶ ይመጣና ይሰብረዋል፤ ስለተሰበረም ሐሙስ ሌላ ቦቴ ያስፈልገናል። ይህ አሥራ አንድ ጊዜ ሆኗል። ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ወርዶ የሚፈሰውን ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ባልዲያችንን ይሞላልናል።

3ኛ. ደፍሬ ሁለት ባዶ በርሜል መንገዱ ላይ ባቆም፣ የውኃ አቅርቦትን አደናቅፈሃል የሚል ባለማኅተም ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ከእርስዎ የደረሰኝ ብቸኛ መልስ ስለሆነ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ።

4ኛ. ይህ እናቴን የሚመለከት ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጉልበቷም እጇም እምቢ ብሏት ባልዲ ማንሳት አትችልም፤ ነገር ግን ገላዋን ማንም እንዲነካው አትፈልግም ነበር። ሻወሩ ሥር የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጬላት፣ ውኃው ከላይ እየወረደላት ራሷ እንድትታጠብ ነበር ሐሳባችን፤ መስመሩን የለመንኩዎትም ለዚሁ ብቻ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ውኃው መጣ ወይ ብላ ትጠይቀኝ ነበር፣ እኔም ነገ እላት ነበር። እህቴ በባልዲ ውኃ ላጥብሽ ስትላት በሩን ከውስጥ ትቆልፍባት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አረፈች። የዚያን ዕለት ቦቴው ጎማው ፈንድቶ መንገድ ላይ ስለቀረ፣ ሰኞ የተጠገነው መስመር ሳይሰበር ዋለ፤ ውኃውም ከነኃይሉ መጣ። የማናውቃቸው ሁለት ሴቶች በዚያ ውኃ አጠቧት። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ ሲፈስ እሰማ ነበር። ምን ተሰማህ ቢሉኝ፣ ምንም። ወንበሩን እስካሁን ከዚያ አላነሳሁትም።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለስብሰባዎ ስምምነትን፣ ለቦቴዎም አዲስ ጎማን እየተመኘሁ፣ ደጅዎ ላይ ሰባት ወር የተቀመጥኩ ታዛዥዎ፣

የደንበኛዎ ልጅ

ግልባጭ፦
ለቦቴው ሾፌር፣ ከንፈር ስለመጠጠልን

ማስታወሻ፦ ውሉ በእናቴ ስም በመሆኑ፣ መስመሩ በደህና መሥራቱን ራሷ ቀርባ እንድትፈርም የሚል ጥሪ ትናንት ከቢሮዎ ደርሷታል። መምጣት ስለማይሆንላት ያንኑ ባለሙያዎን ወዳለችበት ቢልኩት እወዳለሁ፤ አፈር ከተመለሰ በኋላ መጥቶ መፈረም ለእሱ አዲስ አይደለም።