ማጣሪያው እስኪደርስ የሚቆይ ሹሩባ

ኅዳር 19፣ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ

አሥራ ስድስት ኪ.ሜ። በጋፋት ዞረን ገባን። ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል፤ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። እግሬ ደህና ነው። ትንፋሼም። አስቸጋሪው አናቴ ነው። ሹሩባው ውስጥ የገባው ላብ ሳይደርቅ ብርዱ ያገኘዋል፤ እርጥብ ጨርቅ የጣሉብኝ ያህል ነው። ደብተሬ፣ ይኼን የምታውቀው ሯጭ ሴት ብቻ ናት። በየሳምንቱ ባስፈታው ፀጉሩ ይሰባበራል። ባላስፈታው ያሳክከኛል። ስለዚህ አንዴ አሠርቼ እስከ ማጣሪያው ልይዘው ነው። ዞናችንን ወክለው ወደ ክልል የሚሄዱት አራት ሴቶች ናቸው። አምና ስድስተኛ ወጣሁ።

ሻሼን ስፈታ ብዙ ፀጉር ይዞ መጣ። ከነሥሩ። ለነገሩ ረፍዷል፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱን የምከፍተው እኔ ነኝ።

ኅዳር 23፣ ከሰዓት

አለምነሽ ዘንድ ነበርኩ። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ መናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ይዛ ሹሩባ ትሠራለች። ስትፈታ ታወራለች፣ ሁልጊዜ። ዛሬ ከጆሮዬ በላይ ስትደርስ ዝም አለች። ጣቴን ይዛ አስነካችኝ። የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ። ልስልስ ያለች፤ ፀጉር በቅሎባት የማያውቅ ይመስላል።

“እኔ አጥብቄ አልሠራሁሽም። ታውቂያለሽ አይደል?” አለችኝ። ፈርታለች። አውቃለሁ አልኳት።

ወፈር ወፈር አድርጋ፣ ግንባሬን ሳትስብ፣ አላልታ ሠራችኝ። ቦታውንም ሸፈነችው። ምክሯን ጻፍኩ፦ ስሮጥ ከውስጥ የጥጥ ቆብ፣ ስገባ ወዲያው ማድረቅ፣ በላስቲክ አለማሰር፣ በሳምንት ሁለቴ ለሥሩ የጉሎ ዘይት። እንዲያውም ደስ አለኝ። የሚደረግ ነገር ካለ አደርገዋለሁ። እኔ የማውቀው ልምምድ ነው።

ታኅሣሥ 1፣ ማታ

ሁሉንም አደረግኩ። አንድ ቀን አላጎደልኩም። ሌላ ሁለት ቦታ ተገለጠ።

እናቴ ዓይን ነው ትላለች። ፀጉርሽን አይተው ነው፣ በልጅነትሽም እንዲህ ያዩሽ ነበር። ሁለት ጠዋት ጠበል ወሰደችኝ፤ ቆሜ ተንቀጠቀጥኩ። አሁን ደግሞ ወንዛዬ እንሂድ ትላለች፤ ፍል ውኃው ስንቱን ፈውሷል። ጥቂት ቀን ይፈጃል። አሠልጣኙ አይፈቅድም። አልሄድም ስላት አልተቆጣችኝም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከትራሴ ላይ የረገፈውን አንድ ባንድ ለቅማ በወረቀት ጠቀለለችና ደበቀችው። ፀጉር ሜዳ አይጣልም።

ታኅሣሥ 5

ሆስፒታል። ዶ/ሩ ወጣት ነው፣ አነጋገሩ የሌላ አገር ሰው። በአጉሊ መነጽር እያንዳንዱን ቦታ አየ። ሹሩባው ነው ወይ? አይደለም። ላቡ? አይደለም። ብርዱስ? እሱም አይደለም። የራሴ ሰውነት ፀጉሬን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እያባረረው ነው። ለምን እንደሆነ በውል አይታወቅም አለኝ። ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

“ሊመለስም ላይመለስም ይችላል።”

ቅባት ጻፈልኝ። ተስፋ አታድርጊ አላለኝም፣ አድርጊም አላለኝም።

ይኼን ሰውነት ተነሥ ስለው ይነሣል። ዳገቱን ውጣ ስለው ይወጣል። ይኼን ያደረገው ማንን አስፈቅዶ ነው? ቆቡ፣ ዘይቱ፣ ማድረቁ፣ ሁሉም ለከንቱ። አጥፍተሻል ቢሉኝ እንኳ አስተካክል ነበር። ምንም አላጠፋሁም።

ታኅሣሥ 11፣ ጠዋት

ከልምምድ ገባሁ።

ዳገቱ ላይ አንድ ጉንጉን ሙሉውን ወደቀ። ሲወድቅ አልተሰማኝም። ከኋላዬ የነበረችው ትርንጎ አንሥታ፣ ሮጣ ደርሳ በእጄ አስያዘችኝ። አቧራውን አራግፋለታለች። እሷም ለማጣሪያው ነው የምትሮጠው። ማንም አልሳቀም። እስከ ከተማ ድረስ በእጄ ይዤው ሮጥኩ፤ የት ልጣለው?

እዚያው ቀን፣ ማታ

ለእናቴ ልላጨው አልኳት። የተረፈው ስምንት ጉንጉን ነው። ቁጭ ብላ የነበረች ተነሣች። እሷ የተላጨችው አባቴ የሞተ ጊዜ ነው፤ እኔ ትንሽ ነበርኩ፣ አናቷን እየነካሁ አለቀስኩ ይላሉ።

“ሴት ልጅ ሰው ሲሞትባት ነው የምትላጨው። እኔ ቆሜ አንቺ አትላጪም።”



ታኅሣሥ 16

ተደብቄ አለምነሽ ዘንድ ሄድኩ። ላጪኝ አልኳት። በሩን ዘጋች፣ ምላጩን አወጣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። እናትሽ ይረግሙኛል አለች። እኔም አልፈረድኩባትም። የቀሩትን ሰብስባ ወደ ኋላ አሰረችልኝና ሻሹን በላዩ አጠበቀችው። አይወልቅም አለች። ከነገ ወዲያ ማጣሪያ።

ታኅሣሥ 18፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

አምስት ሺ ሜትር። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እስከ ሰባተኛው ዙር ሦስተኛ ነበርኩ። እግሬ ገና አልተነካም። ከዚያ ሻሹ መንሸራተት ጀመረ። ፀጉር በሌለበት ላብ ላይ ምን ይይዘዋል? ነፋሱ ከፊት ነው። መጀመሪያ ዓይኔ ላይ መጣ፣ ገፋሁት። ወደ ኋላ ሄደ። በግራ እጄ ያዝኩት። በአንድ እጁ አናቱን ይዞ የሚሮጥ ሰው ታውቂያለሽ? ትከሻ ይታሰራል፣ ትንፋሽ ይዘጋል። አሠልጣኙ ልቀቂው፣ ልቀቂው እያለ ከዳር ሮጠ። ሰምቼዋለሁ። ሜዳው ዙሪያ ሰው ሙሉ ነበር። ተማሪ፣ አስተማሪ፣ የሰፈር ሰው። እናቴም ነበረች።

አልለቀቅኩም። ስድስት ዙር ያዝኩት።

አምስተኛ ወጣሁ። አራተኛዋ ትርንጎ ናት። ስትገባ ዘወር ብላ አየችኝ፤ ደስ ሊላት ሲገባ አለቀሰች። አሠልጣኙ ውኃ ሰጥቶኝ ሄደ።

ታኅሣሥ 19

ሥራ አልሄድኩም። ልምምድም። ቅባቱን መቀባት አለብኝ፤ አልቀባሁም። ሦስት ጉንጉን ቀርቷል። እናቴ በሩን ገፋ አድርጋ ታየኝና ትመለሳለች።

ታኅሣሥ 20፣ ጠዋት

ወሰንኩ። ዛሬ ወደ እናቴ የሄድኩት ላስፈቅዳት አይደለም፣ ልነግራት ነው። እላጫለሁ፣ እንደተላጨሁም እሮጣለሁ፤ ፀጉሩ ይምጣም አይምጣም። ለከርሞ የሚደርስ እግር ይኑረኝ አይኑረኝ እሱንም አላውቅም። ግን እጄን ለሁለተኛ ጊዜ አናቴ ላይ ጭኜ አልሮጥም።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እያለቀሰች ነበር። መቼም እሺ አላለችም።

“የሌላ ሰው እጅ አይንካሽ” ብቻ አለች።

አሁን ውጭ ፀሐይ ላይ ናት። በርጩማውን አውጥታለች፣ ውኃውን ለብ አድርጋለች። ምላጩን እንደያዘች ስሜን ትጠራለች። በመስኮት አያታለሁ። እየመጣሁ ነው አልኳት፣ ይቺን ጽፌ