ለቀጭኑ ባሌ፣ ከከሳሁ በኋላ

ታዴ፣ የኔ ሰው፣

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ደህና ነህ ወይ ብዬ እንዳልጠይቅህ ያለህበትን አላውቅም፤ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ የቤቱን ወሬ ላስቀድም።

ልጃችን ማሂ ትከሻዬን አልፋለች። ነገር ስትወረውር አንተን ነው የምትመስለው፤ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ግድግዳ የምዞርበት ጊዜ አለ። ከግቢያችን ፊት ለፊት የነበሩት ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል፤ ከጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። እኛን እስካሁን የነካን የለም። እኔ እዚያው ኬክ ቤት ነኝ፤ ያው ባንኮኒ፣ ያው ሒሳብ መቀበል፣ ያው ወንበር። ወንበሩ ግን ሰፍቶኛል።

የምጽፍልህም ለዚሁ ነው። ታዴ፣ ከስቻለሁ። ከሳሁ ስልህ ትንሽ ጎደልኩ ማለቴ አይደለም። ሆዴ ላይ ጡንቻ ወጥቷል።

አንድ ጠዋት ልብሴን ስቀይር መስተዋቱ ውስጥ አየሁት። ከጡቴ ሥር ጀምሮ እስከ እምብርቴ ድረስ ግራና ቀኝ ተርታውን ተደርድሯል። መጀመሪያ የመስኮቱ ጥላ መስሎኝ ነበር። ዞር አልኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ለቀቅኩ፤ አልጠፋም። ሌላ ሴት ብትሆን ትስቅ ነበር፣ ለጓደኞቿ ትደውል ነበር። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይሄን ሆድ አንተ አታውቀውማ።

አንተ የምታውቀኝን እኔም አውቃታለሁ። ፒያሳን ከሱቅ ሱቅ ዞራ የሚበቃት ቀሚስ አጥታ፣ ላብ እያጠመቃት ወደ ልብስ ስፌት ቤትህ የገባችውን። ሜትርህን አንገትህ ላይ እንዳንጠለጠልክ ስሜን ጠየቅከኝ። ሙሉነሽ ስልህ፣ «ታዲያ ምን ያሳፍርሻል? ስምሽን ነው እኮ የመሰልሽው» አልከኝ። በዚያ ሰውነቴ ላይ ተቀልዶ አብሬ የሳቅኩት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ፣ አንተ እስካለህ ድረስ፣ የተሰፋ ልብስ ከሱቅ አልገዛሁም። ከሥራ ስወጣ የተረፈ ቦምቦሊኖ በፌስታል ይዤ ስመጣ የስፌት መኪናህን ታቆምና ከጨርቁ ክምር አጠገብ ተቀምጠን እንበላ ነበር። እኔ ስበላ ይታያል፤ አንተ የበላኸው የት እንደሚገባ እንጃ። ክር ነበርክ። ስንጋባም ክር፣ ማሂ ስትወለድም ክር።

ለዚህ ነው ሰው ሁሉ እኔ የምቀድም ይመስለው የነበረው። ይሄን ያወቅኩት ለቅሶህ ላይ ነው። ስፌት መኪናህ ላይ እንደተደፋህ ልብህ ቆሞ ባገኙህ ማግሥት፣ ድንኳኑ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ለጎኗ ሴት፣ «እኔስ የምፈራው ለሷ ነበር» ስትል ሰማኋት። በክፋት አልነበረም ያለችው። ግን ገባኝ። ቀጭኑ ሄደ፣ ወፍራሟ ቀረች፤ እሷስ እስከ መቼ?

ማሂም ያንኑ ሳትሰማ የቀረች አይመስለኝም። ቀሚሴን ጨብጣ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቷ ደረጃ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ትንፋሼን ስሰበስብ ፊቷን አየሁት። ልጅ እናቷን እንደዚያ ማየት የለባትም። በሳምንቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ስኳሬ ድንበሩ ላይ መድረሱን ነገረችኝና፣ «ልጅ አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ምክር አላስፈለገኝም።

በእግር ጀመርኩ። ከቤት አምስት ኪሎ፣ ሲለምድልኝ እስከ ስድስት ኪሎ፣ የዩኒቨርሲቲውን አጥር ይዤ ተመልሼ ወደ ሥራ። ጥቁር ልብሴን ሳላወልቅ ነበር የምሄደው። ዓመትህ ወጥቶ ጥቁሩን ሳወልቅ አምስት ኪሎ ካለ አንድ ጂም ገባሁ። አሠልጣኙ ገና ልጅ እግር ነው፤ በጾም እንቁላል ካልበላሽ ብሎ ሲያስቸግረኝ ሽምብራና ምስር እየበላሁ አሳየሁት። ቀን ሙሉ ኬክ እየሸጥኩ ጣቴን እንኳ ሳልልስ ዋልኩ። እንዴት ቻልሽ ይሉኛል። ፈርቼ ነው የቻልኩት። ሰው ደስ ብሎት የከሳ ይመስለዋል፤ እኔ ያቺ ልጅ ብቻዋን እንዳትቀር እየሮጥኩ ነበር።

ስኳሬ ወርዷል። ሐኪሟ ጨብጣኛለች። ማሂም አሁን ቀሚሴን ሳትይዝ ትተኛለች። ይሄን ሁሉ አተረፍኩ። ሰፈሩ ግን እንዲህ አላየውም። መጀመሪያ «ሐዘኑ በላት» አሉ፤ እሱ ደግ ነበር። ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተመርምራለች ይሆን?» አሉ። ደረቴ ቀና ሲል፣ ሱሪ መልበስ ስጀምር፣ «አንድ ሰው አግኝታለች» ሆነ። ሰላም ሲሉኝ እንኳ ዓይናቸው ከላይ እስከ ታች ወርዶ ነው የሚመለሰው።

ልብሶቼን ምን ልበልህ? የሰፋህልኝ ሁሉ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ስለብሳቸው የሌላ ሰው ልብስ የሰረቅኩ እመስላለሁ። አረንጓዴዋን ቀሚስ ይዤ ወደ ሱቃችሁ ሄድኩ። የሥራ ባልደረባህ ከማል አሁንም እዚያው ነው፤ የአንተን መኪና በጨርቅ ሸፍኖ ጎኑ ይሰፋል። ቀሚሷን ገልብጦ ስፌቷን ሲያይ ቆየና ጠራኝ። «እይ እስቲ፣ ሙሌ፣ እዚህ ጋ ስንት ጣት ትርፍ ጨርቅ እንደተወልሽ። ለማንም እንዲህ አይተውም። ብትወፍሪ ሊለቅልሽ ነው» አለኝ። ለካ እኔ ስለ ውፍረቴ ስጨነቅ አንተ ቦታ እያዘጋጀህልኝ ነበር። «ላጥብበው? አንዴ ከቆረጥኩት ግን መመለሻ የለውም» ሲለኝ ቀሚሷን አጣጥፌ ይዤ ወጣሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ።

ጡንቻው የታየኝ ሰሞን አሠልጣኙ ፎቶ ላንሳሽ አለኝ። «ፊትሽ አይታይም፣ ሆድሽ ብቻ። ሌሎች እናቶችን ያበረታታል» አለ። ያን ቀን የጂሙ ሴቶች አጨብጭበውልኝ ነበርና ደስታው ይዞኝ እሺ አልኩ። ሸሚዜን ወደ ላይ ሰበሰብኩ፣ አነሳኝ፣ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። እኔም ረሳሁት።

በቀጣዩ እሑድ እናትህ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጡ። በሩን ስከፍት ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ቆሙ፤ ቁጭ ይበሉ ብላቸው አልቀመጥ አሉ። አልሳሙኝም።

«ልጄ አፈር ውስጥ ተኝቶ አንቺ ሆድሽን ለአላፊ አግዳሚው ታሳያለሽ?»

የእህትህ ልጅ ስልኳን ስትነካካ አጠገቧ ሆነው አይተውታል። እሷ አላወቀችኝም፤ እሳቸው አወቁኝ።

«እማዬ፣ ፊቴ እኮ የለም» አልኳቸው።

«ፊትሽ ባይኖርስ? በአራስ ቤትሽ ያጠብኩት ሆድ አይደለም እንዴ! ማርያም የሳመችሽን የማላውቀው መሰለሽ?»

ከእምብርቴ ጎን ያለውን ጥቁር ምልክት ማለታቸው ነው። አንተና እሳቸው ብቻ ነበር የምታውቁት። አሁን ስንት የማላውቀው ሰው አይቶት ይሆን? ይሄን ሳስብ ፊቴ ነደደ። የሹራቤን ጫፍ ወደ ታች ጎተትኩ። ማሂ ከጓዳ በር ላይ ሆና ሁለታችንንም ታየናለች።

ከዚያ እናትህ ሳላስበው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉና ማልቀስ ጀመሩ። ስድብ ነበር የጠበቅኩት፤ ለስድቡ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ሰው ይኑርሽ አይኑርሽ አልጠይቅሽም፣ ልጅ ነሽ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ድሮ ስትወፍሪልኝ ደህና መሆንሽን አውቅ ነበር። ልጄ ቀጭን ነበር፣ አፈር በላው። አንቺም ቀጠንሽብኝ። ሰው የሚለውን እሰማለሁ። ታመሽ እንደሆነ ንገሪኝ፤ ይቺን ልጅ ለማን ልትተያት ነው?»

ታዴ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የሮጥኩት ያንኑ ጥያቄ ሸሽቼ ነው። ያንን ጥያቄ እሳቸው ሆዴ ላይ ተጽፎ አነበቡት። እኔ እኖራለሁ ብዬ ያመጣሁትን ሰውነት እሳቸው ልትሞት ነው ብለው አዩት።

ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ? ሹራቤን ገለጥኩላቸው። አጠገባቸው ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩና ሆዴ ላይ አስቀመጥኩት። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ጡንቻውን ተጫኑት፣ ጠነከረባቸው፤ የሰው ሆድ መሆኑን የተጠራጠሩ ይመስል እንደገና ተጫኑት። «ስኳሬ ነበር እማዬ፣ እሱም ወርዷል፤ ሌላ ሕመም የለብኝም» አልኳቸው። ከዚያ እጃቸው ወደ ታች ወረደ፣ ከእምብርቴ ሥር ወደ ተንጠለጠለው ቆዳ። እሱ አልሄደልኝም፤ ሥጋው ሲሄድ ባዶውን የቀረ ቆዳ ነው፤ ፎቶው ላይ በሱሪዬ ቀበቶ የደበቅኩት። በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉትና፣

«ይሄ ያንቺ ነው» አሉ። «ይሄንን አውቀዋለሁ።»

ታረቅን ብዬ አልዋሽህም። ምሳ አልበሉም። በሩ ላይ ሲደርሱ «ያንን ፎቶ አስጠፊው፣ ለልጄ ስትይ» ብለውኝ ሄዱ። ወዲያው ደወልኩ፤ አሠልጣኙ «ስንት ሰው ወዶት ነበር እኮ» እያለ ቅር ብሎት አጠፋው። የወሰደው ወስዶታል። አሁን አስፋልት ላይ ስልኩን ይዞ ቀና ብሎ የሚያየኝ ሰው ሁሉ ያየኝ ይመስለኛል። ጂሙን ግን አልተውኩም። እናትህም ካሁን በፊት በየሳምንቱ ይደውሉ ነበር፤ አሁን እኔ ነኝ የምደውለው። ያነሳሉ። «በላሽ?» ይላሉ። በላሁ እላለሁ።

እሳቸው የሄዱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ማሂ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ከዚያ፣

«አባቢ አሁን በር ከፍቶ ቢገባ ያውቅሽ ነበር?» አለችኝ።

«በድምፄ ያውቀኛል» አልኳት።

«ድምፅሽም እኮ ከስቷል፣ ማሚ።»

ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቁን አቋረጥን። እውነቷን ነው። ያቀፍከው ትከሻ የለም። ጭንቅላትህን ጥለህ ሬዲዮ የምትሰማበት ሆድ የለም። እጅህ ያረፈበትን ሁሉ በገዛ እጄ አቅልጬዋለሁ፤ ልጅህን ለማሳደግ ብዬ። ሌላ መንገድ ቢኖር እሱን እይዝ ነበር፤ አላገኘሁም። አንዳንዴ ከአንተ ሌላ ያን ትልቅ ሰውነቴንም የቀበርኩት ይመስለኛል። ለሱ ግን ድንኳን የጣለልኝ፣ አይዞሽ ያለኝ የለም፤ እንኳን ደስ አለሽ ነው የሚሉኝ።

ለማሂ የሰጠኋት መልስ ሙሉ አልነበረም። ላንተ ልስጥህ። ብታየኝ ላታውቀኝ ትችላለህ፣ አልቀየምህም። እኔ ግን አውቅሃለሁ። ጨርቅ ስትቆርጥ ምላስህን እንዴት እንደምትነክስ አውቃለሁ፤ ስታስነጥስ ሁለቴ እንደሆነ፣ ስትናደድ ዝም ብለህ መርፌ እንደምትፈልግ። ይሄ ከሥጋዬ ጋር አልሄደም። ለልጅህ እየነገርኳት ነው፤ ገና ያልነገርኳት ብዙ አለኝ። ነገ ጠዋት ስነሳም ይቺ አንተ የማታውቃት ሴት ታስታውስሃለች። ካረጀሁም፣ መልሼ ከወፈርኩም፣ ታስታውስሃለች።

ያንተው
ሙሉነሽ