ብሩዥ ላይ ስለታየው ራቁት አንገት

ለልጄ ሰገነት፣ እመብርሃን ከብርድም ከውሸትም ትጠብቅሽ። በታላቅ ሐዘን የማሳውቅሽ፣ ብሩዥ ከተማ ቦዩ ላይ፣ ጀልባ ውስጥ በተነሳሽው ፎቶ አንገትሽ ራቁቱን መሆኑን ነው። የላክሁልሽ ስካርፍ የት ገባ?

ለመሆኑ ፎቶውን የተነሳሽበት ቅዳሜ የአባትሽ ሙት ዓመት አልነበረም? "እማዬ፣ ሥራ ቦታ ኦፍ ከለከሉኝ" አላልሽኝም? እኔ እዚህ ፌርፋክስ ላይ "ልጄን ሥራ ገደላት" እያልኩ ሳስተዛዝን፣ አንቺ በጽጌ ጾም ክሬም የተከመረበት ዋፍል ይዘሽ ትስቂያለሽ! ኤልፍነሽ ፎቶሽን ለማኅበርተኛው ሁሉ አዙራ አሳየችና "ሥራ የገደላት ይቺ ናት?" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለገና ነይና መቃብሩ ጋ አብረን እንሂድ። አባትሽም ሳቅሽን አይነፈግብኝ።

እናትሽ ሣህሊቱ

ማረሚያ፦ ፎቶውን ያዞረችው ኤልፍነሽ ናት ተብሎ ከላይ የተገለጸው በስህተት ስለሆነ ይታረም። ያዞርኩት እኔ ነኝ። አሳሳቅሽ ቁርጥ አባትሽን ነው።