ለእትዬ ያመጣሁት ጎመን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከቀኑ 10፡00

ዛሬም ጎመን። መክተፍ፣ መመዘን፣ ማድረቅ፣ መፍጨት። ጣቶቼ አረንጓዴ፣ ጋዋኔ አረንጓዴ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የምይዘው በዚህ ቅጠል ነው ስል ዘመድ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ። አንተ ደብተሬ ታውቃለህ። ሲከተፍ አፍንጫ የሚቆነጥጠው ሽታ፣ ነገሩ እሱ ነው። ሲኒግሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲቆረጥ ወደዚያ ይለወጣል። በላብራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ የካንሰር ሴል ያዳክማል፤ ለልብና ለደም ሥርም ይበጃል ይባላል። የኛ ሰው ግን ከትፎ ወዲያው የፈላ ውኃ ውስጥ ይከተዋል፤ ጨምቆ ውኃውን ይደፋል። ጥቅሙንም አብሮ።

ከሙከራ ማሳው የተረፈውን በፌስታል ሞልቼ በባጃጅ ወሰድኩ። ለእትዬ አስቴር። ታላቅ እህቴ፣ እማማ ከሞተች ጀምሮ በስፌት መኪናዋ ያሳደገችኝ። ከአራት ዓመት በፊት የልብ ቫልቭ ተቀይሮላት ደም ማቅጠኛ ትውጣለች፤ ዕድሜ ልኳን። እኔ ምን ላድርግላት እያልኩ ስንቴ ጻፍኩልህ። ይኸው አገኘሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ከቸርች መልስ

አምስት ቀን በተከታታይ። የማበስለው እኔ ነኝ። ከትፌ ያ ሽታ በደንብ እስኪወጣ አርባ ደቂቃ እተወዋለሁ፣ በስሱ አበስላለሁ፣ ሰናፍጭ እነሰንስበታለሁ። እትዬ ጎመን በጤና እያለች ትቀልዳለች።

ዛሬ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሆስፒታል ነርሷ ጎመን አታብዢ ብላት ነበር፤ ከኦፕሬሽኑ ወዲህ እምብዛም ያልነካችው ለዚያ ነው። እኔ ደግሞ ስለማትወደው ይመስለኝ ነበር። ሳቅኩ። እንቅርት ፈርተው ነው አልኳት፤ ጎመን የሚያበዛ እንቅርት ይይዘዋል የሚባል የቆየ ነገር አለ፣ አዮዲን ያለው ጨው ለሚበላ ሰው አያሰጋም። አንገትሽ ንጹሕ ነው፣ ብዪ። ስለ ጎመን የተጻፈውን ሁሉ አንብቤያለሁ፣ ነርሷ ታስተምረኝ?

«አንቺ ካልሽ» አለች። በላች። ጨመርኩላት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

የእትዬ የደም ምርመራ ቀጠሮ፣ መድኃኒቷ በልክ መሥራቱ የሚታይበት፣ ትናንት ነበር። አልሄደችም። የመዘምራን ልብስ ይዛለች፤ እሱን ሳልጨርስ አልነቃነቅም ትላለች። በሚቀጥለው ሳምንት አለች። አልተከራከርኩም። ፊቷ ወዝ አለው። ደስ ብሎኛል፣ እውነቱን ልጻፍ፣ ኮርቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25። ከጠዋቱ 5፡00፣ ሆስፒታል ኮሪደር

መቀሷ ከእጇ ወደቀ። ልታነሳ ጎንበስ ስትል እሷም ወደቀች። የጎረቤት ሱቅ ሴትዮ ናት የደወለችልኝ። አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ቀኝ እጇ የለም፤ አለ ግን የለም። ስሜን ልትጠራ ሞከረች፣ አልወጣላትም።

ጌታ ሆይ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ዶ/ሩ ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው። ቫልቯ ላይ ደም ረግቶ ወደ ጭንቅላቷ ሄዷል። መድኃኒቱን አቋርጣለች ወይ? አንድ ቀን አላቋረጠችም። ሌላ መድኃኒት? የለም። የባህል መድኃኒት? የለም። አመጋገቧን ለውጣለች? ጎመን?

አዎ አልኩ። በየቀኑ፣ ሦስት ሳምንት።

አልተቆጣኝም። ጎመን ቫይታሚን ኬ ይበዛበታል፣ መድኃኒቷ የሚሠራው እሱን በመዋጋት ነው፣ በድንገት ሲበዛባት መድኃኒቱ አቅም ያጣል አለኝ። እያብራራልኝ ነው። ለእኔ። ቫይታሚን ኬ ደም ያረጋል ብዬ ባለፈው ዓመት ለተማሪዎች ያስተማርኩት እኔ። ፈተና ላይም አወጣሁት። እቤት ስገባ ግን የታየኝ የራሴ ጥናት ብቻ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

የቸርች ሰዎች መጡ፣ ጸለዩላት። ወንድማችን ዮሐንስ ከይርጋለም መጥቶ አልጋዋ ሥር ይተኛል። ሥራ ስላበዛች ነው ይላል። መዘምራኑ በኛ ልብስ ነው ብለው ያለቅሳሉ። ሁሉም የየራሱን ጥፋት ይፈልጋል፤ ጥፋቱ ያለበት ሰው ውኃ እየቀዳ ያስተናግዳል። አፌን አልከፈትኩም። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ላብራቶሪ ገባሁ። ከትፎ ማቆየቱ ሠርቷል፤ ውጤቱ ከጠበቅነው በላይ ነው። አማካሪዬ ደስ ብሏቸዋል፣ ቶሎ ጻፊው አሉኝ። ሽታው ሲመጣብኝ ሚዛኑን ትቼ ወጣሁ። ጎመኑ ምን አደረገ። ጥሩ ነው የተባለውን ሁሉ ነው፣ ለሌላ ሰው።

ቀኝ እጇ ምንም ለውጥ የለውም። ፊዚዮቴራፒስቷ ተስፋ አትቁረጡ ትላለች፣ ዓይናችንን ግን አታይም። መርፌ አትይዝም ከእንግዲህ። አውቀዋለሁ፣ እሷም ታውቀዋለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ነገ ትወጣለች። ዮሐንስ ይርጋለም ልውሰዳት አለ፤ ሚስቱ የምትውለው ቤት ነው፣ ትረዳታለች። እትዬ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፣ በግራ እጇ ወደ እኔ ጠቆመች። ከእኔ ጋር። ዮሐንስ እሺ አለ።

የማልታገሠው ይህ ነው። እኔን የመረጠችው ሳታውቅ ነው። ዝም ካልኩ ዕድሜ ልኳን በእጄ ትጎርሳለች፣ ታመሰግነኛለች። ከነገርኳት አጣታለሁ። ከእሷ ሌላ ማንም የለኝም፤ ዮሐንስ ወንድም ነው፣ እሷ ግን እናቴ ናት።

ነገ እነግራታለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከጠዋቱ 4፡00

ነገርኳት። ዮሐንስ መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ። ጎመኑ ነው፣ ነርሷ ልክ ነበረች፣ እንቅርት ያልኩሽ ከራሴ ነው አልኳት። አንቺም የደም ምርመራ ቀጠሮሽን አሳልፈሻል ልላት ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

አየችኝ። ቃላቷ አሁን አንድ በአንድ ነው የሚመጡት። ታውቂ ነበር? አለች። አዎ፣ አስተምረው ነበር አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም። ይቅርታ የሚለውን ጀምሬ አልጨረስኩትም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዮሐንስ ሲመለስ የጃኬቱን እጅጌ በግራ እጇ ያዘች። ይርጋለም አለች። ጥርት ብሎ ነው የወጣላት፤ ከወደቀች ወዲህ እንደዚያ የወጣላት ቃል የለም። እሱ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እንደፈለገች ይሁን አልኩት።

ልብሷን እያጠፍኩ ነው። ነጠላዋን፣ ሹራቧን፣ የመድኃኒት ከረጢቷን። ለዮሐንስ ሚስት በወረቀት ጻፍኩላት፤ መድኃኒቱን በየትኛው ሰዓት፣ የደም ምርመራው በየስንት ቀን፣ ጎመን ደግሞ ሐኪም ከፈቀደላት መጠን እንዳታልፍ። ስሜን ከሥሩ ልጽፍ ነበር። ምን ያደርጋል።

መኪናው ደጅ ደርሷል። ዮሐንስ ደግፎ እያወረዳት ነው፣ ቦርሳውን አምጪ ይለኛል። እሷ ወደ ኋላ አልዞረችም።