የኋሊት የመጣው ቡችላ

ለምወድሽ እታለም፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ከቤት ስትወጪ ይዞሽ የነበረው ደረቅ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ምግብስ በደንብ ትበያለሽ? እኛ ደህና ነን። አጎታችን እንደ ልማዱ ወገቡን ያማርራል፤ እማዬም እንደ ልማዷ አጎታችንን ታማርራለች።

አጎታችን አሮጌውን ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ቅዳሜ ለልጆች ሊከፍተው ነው። ከመጋዘኑ ሃያ የድሮ ካርቱን አገኘ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ድምፅ የሌላቸው፣ አምስት ደቂቃ የማይሞሉ። መክፈቻውን የሚመርጡ ሦስት ዳኞች ሰየመ፦ ጡረታ የወጡትን መምህር፣ ጎረቤታችንን ፀጉር አስተካካዩንና ትኬት ሻጯን እማዬን። እኔ ነጥብ መዝጋቢ ነኝ። ነጥቡ ከአስር ነው፤ እማዬ ግን ከአራት በላይ ሰጥታ አታውቅም። ላም መሰላል ስትወጣ አይታ፣ ይሄ ሥራ የፈታ ሰው ሥራ ነው ብላ ሁለት ሰጠች።

ማክሰኞ ዳኞቹ ሳይመጡ እኔና አጎቴ አንዱን ለሙከራ አየነው። ቡችላ ከእናቱ እቅፍ ወጥቶ ጓዙን ይጠቀልልና በዝናብ ከቤት ይወጣል፤ እናቱ በር ላይ ቆማ ታየዋለች፤ መንገዱ ጫፍ ላይ ነጥብ አክሎ ይጠፋል። በቃ። አጎቴ የማሳያ ማሽኑ ፊልሙን ወደ መጀመሪያው እንዲያጠነጥነው አድርጎ፣ የማሽኑን መብራት ሳያጠፋ ውሃ ሊጠጣ ወጣ። ዳኞቹ ያኔ ገቡ። ትርኢቱ የተጀመረ መስሏቸው ቁጭ አሉ።

እታለም፣ ዝናቡ ወደ ሰማይ ተመለሰ! ቡችላው ከመንገዱ ጫፍ የኋሊት እየተራመደ መጣ፣ በጀርባው ቤት ገባ፣ ጓዙ ተፈታ፣ እናቱ እቅፍ ውስጥ ተወሸቀ። ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ፤ እኔ እንኳ ሰክሬ እንዲህ ሄጄ አላውቅም አለ። መምህሩ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ ጥልቅ ነው፣ ጥልቅ ነው አሉ። ዘጠኝ ዘጠኝ ሰጡ። እማዬ አስር!

ስህተቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል፣ ቅዳሜ ፊልሙ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲታይ አጎቴን አታለልከን ይሉታል። ብናገር ደግሞ... ሰው ፊት መናገር እንዴት እንደሚያስጨንቀኝ ታውቂያለሽ፤ ዳቦ እንኳ በጣቴ እያሳየሁ ነው የምገዛው። እርሳሴን ጨብጬ ተነሣሁና፣ ይቅርታ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው ያያችሁት አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፤ ግን ወጣ።

አጎቴ ደንግጦ በትክክል አጫወተው። ማንም አልሳቀም። ፀጉር አስተካካዩ ወደ አምስት ወረደ፤ መምህሩ ላጲስ ጠየቁኝ። እማዬ ግን አስሬን እንዳትነኪ አለችኝ፤ ቅዳሜም የኋሊት ነው የሚታየው አለች። አጎቴ፣ ኧረ እህቴ፣ ልጆቹ ይስቁብናል ቢላት፣ ይሳቁ፣ ለዚያ አይደል የሚመጡት? ደግሞ ያ ሚጢጢ በዚያ ዝናብ ወዴት ይሄዳል? ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ጉንፋን ይዞኛል ብላ አፍንጫዋን ጠረገች። ጉንፋን የላትም።

አሁን ትኬት መሸጥ ጀምራለች። ከፊት ረድፍ አንዱን ወንበር ግን ለማንም አልሸጥም ብላለች። ለማን ነው ብላት፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ አለችኝ።

ትርኢቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

የሚወድሽን ያብዛልሽ፤ እግርሽን እንቅፋት አይንካው።

ታናሽ እህትሽ