በስድስተኛው ቤት ስለተገኘው ዝምድናችን

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣ አምቻዬ ሊሆን ለነበረው፤

እንደምን ከርመሃል? ስኳርህ ወረደ? ጉልበትህስ የአዲሱን ሰፈርህን የራሞትን ደረጃ ቻለው? እኔ ደህና ነኝ። ከድሮ ሰፈራችን ከሽኩና ዳሌት አልወጣሁም፤ ጥርሴ ከሁለቱ በቀር ሄዷል፣ ምላሴ ግን አለ። ስለ ህሊናህ አልጠይቅህም፤ የታመመ እንጂ የሌለ ነገር ጤናው አይጠየቅም።

የላክሃቸው ሽማግሌዎች ዓርብ ረፋዱ ላይ መጡ። ከእነሱ አንዱ፣ ማለደ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ እያሽከረከረ፣ የልጅ ልጄ ኢንባልና የልጅ ልጅህ አቪኤል በስድስተኛው ቤት ዘመድ ሆነው ስለተገኙ ጋብቻው ይቅር አለኝ። በየት በኩል ብዬ ብጠይቀው፣ በአንዲት የድሮ አያት በኩል ነው አለ። ስሟን ብጠይቀው ወለሉን አየ። ወለሉ ላይ አልተጻፈም ነበር።

አምና ከሱቁ ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን እስከ ሰባት ቤት የቆጠርነው እኔና አንተ አልነበርንም? እኔ የእኔን፣ አንተ የአንተን፤ አንድም ስም አልገጠመም። ደስ ብሎህ ጭኔን በመዳፍህ መታኸው፤ እስካሁን ያመኛል። ያኔ ያልነበረች አያት ዘንድሮ ከየት መጣች? ራሞት ቤት ለገዛ ከግቢው ጋር አያትም ይመርቁለታል እንዴ?

ልጅቷ ታመመች አትልም? ቃሉ አፍህን ካቃጠለህ እኔ ልበልልህ፤ ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ ሻህላ የሚሉት፣ የሴት ልጅ እንቁላል የሚፈጠርበት ቦታ ላይ ነው። ሆዷ ሲነፋ የአንተ ሰዎች አርግዛለች ብለው አንሾካሾኩ። ውሃ መሆኑ ታውቆ አንዱን ሻህላ ሲያወጡላት ደግሞ አትወልድም አሉ። በአንድ ወር ውስጥ ነፍሰ ጡርም መካንም አደረጋችኋት፤ እንዲህ ያለውን እንኳን ሐኪም ጠንቋይም አይችለውም። ሐኪሟ ሁለተኛው ደህና ነው፣ ኪሞው ሲያልቅ እናያለን ነው ያለችው። አንተ ግን ከራሞት ሆነህ አይተህ ጨረስክ።

መልእክትህን ለኢንባል የነገርኳት እኔ ነኝ። የቤታችን ሰዎች እስክትድን ይደበቅ ብለው ነበር፤ ልጅቷ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በሽታዋንም ከእኛ በፊት የሰማችው እሷው ናት። የቀዶ ጥገና ስፌቷን ይዛ ሳቀች። አባባ አታስቀኝ፣ ይለቃል አለችኝ። ቀጥላም በዕብራይስጥ፣ ለካ የእኔና የአቪኤል አፍንጫ የተመሳሰለው ለዚህ ነው አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ፀጉሬ ሳያልቅ ፎቶ አንሣኝ አለችኝ። ሳነሣት ግማሽ ፊቷን ከፎቶው ቆረጥኩት፤ በእሱም ሳቀችብኝ።

እንግዲህ ቆጠራህን ተቀብያለሁ። ዘመድ ነን። የሥጋ ዘመድ ደግሞ ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ይቀመጣል፤ ይህም ሕግ ከሰባት ቤቱ ጋር አብሮ የመጣ ነው፣ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል የለም። ማክሰኞ ኪሞዋ ነው፤ ሾርባ ይዘህ ና። መኪና የሚነዳልህ ካጣህ አውቶቡስ አለ፤ ድሮ ታውቀው ነበር።

አቪኤል ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር ግዳጅ፣ ተጠርቶ ከጦሩ ጋር ነው ብለህ ለሰው ታወራለህ አሉ። እሱ ነው እንዲህ ያለህ? አምላክ ይጠብቀው፣ ከባድ ግዳጅ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሰማያዊ ሹራብ ልኬልሃለሁ። ባለቤትህ በእጇ የሠራችው ስለሆነ የማን እንደሆነ አይጠፋትም። ባለፈው ማክሰኞ ሆስፒታል ውስጥ ኢንባልን ሲበርዳት ትከሻዋ ላይ የነበረ ነው። ማን እንደደረበላት አልጠየቅኩም፤ ሽማግሌ ሁሉን አይጠይቅም። የሆስፒታል ሽታ አለውና አሳጥበህ ለባለቤቱ መልስለት። ግዳጁ ላይ ይበርዳል።

የእስራኤል አምላክ ዕድሜ ይስጥህ፤ የምታፍርበት ጊዜ እንዳያጥርህ። ለኢንባልም ምሕረቱን ያውርድላት። እኔንና አንተን እንደገና አንድ አግዳሚ ላይ ያስቀምጠን፤ ጭኔን ግን እንዳትነካ።

በአንተ ቆጠራ የሥጋ ዘመድህ፣
በእኔ ቆጠራ ገና አምቻህ